እሱ ለማያውቁኝ ነው

ቶሮንቶ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023

ለአባቴ ለአቶ ገብረ ክርስቶስ፣ አርባ ምንጭ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እማማ ውቢትስ እንዴት ናቸው? ደም ግፊታቸው ቀለል አለላቸው? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። መልሱን ስላዘገየሁብዎ ይቅር ይበሉኝ። ጆሮዎ ስልክ አልሰማ ካለ ወዲህ እየጻፍን፣ ፎቶ እያነሣን በቴሌግራም መላላክ ልምዳችን ሆኗል፤ ሰሞኑን ግን የጀመርኩትን እየቀደድኩ ነው የቆየሁት።

እማማ ሲደውሉለት ልጅዎ መርዕድ ለምን ስልክ አያነሣም ብለው ለጠየቁኝ፣ ልደብቅዎ አልችልም። ባለፈው ወር ቤታችን ተቃጥሏል። መርዕድ ከመጋዘኑ ሥራ ከተቀነሰ ወዲህ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ምግብ እያደረሰ እንደሚያድር ያውቃሉ። የብስክሌቱ ባትሪ በራችን አጠገብ ቻርጅ ላይ እንዳለ ፈነዳ። ልጃችን ማያ ደኅና ናት፤ ፀጉሯ ትንሽ ተለበለበ እንጂ ምንም አልሆነችም። መርዕድ ጢስ ስለገባበት ሕክምና ላይ ነው። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ስላለ መናገር አይችልም። ለእማማ ሥራ በዝቶበት ነው ይበሉልኝ። አሁን ኢቶቢኮ በሚባል ሰፈር አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ቤት ተጠግተናል።

ባትሪውን የሸጠለት በርናባስ ነው። አብረን የምናመልክ ወንድም ነው፤ ዌስተን ሰፈር በተከራየው ጋራዥ አሮጌ ባትሪ እየፈታ፣ እያደሰ ይሸጣል። ማስታወቂያውን ቤተ ክርስቲያናችን መግቢያ ላይ ባለው ሰሌዳ ለጥፎት ነበር። ስልክ ቁጥሩ ከግርጌው እየተቆረጠ የሚወሰድ ዓይነት ወረቀት ነው። ከቁጥሮቹ በላይ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ከሽያጭ በኋላ ባትሪው ለሚያደርሰው ማናቸውም ጉዳት ሻጩ ተጠያቂ አይሆንም።» በርናባስ አሁን የሚለው ይህንኑ ነው፤ ጽፌ ለጥፌአለሁ፣ አይቶ ነው የገዛው ይላል።

የሕንፃው ባለቤት ጠበቆች ደግሞ ጥፋቱ የመርዕድ ነው ብለው ጽፈውልናል። ቶርንክሊፍ ፓርክ ካለው ከተቃጠለው ቤታችን የተረፈውን ዕቃ ልናወጣ ስንሄድ ሊፍት ውስጥ የነበሩት ጎረቤቶች እኛን ሲያዩ ወሬያቸውን አቆሙ። ሕንፃውን ያቃጠለው ሰው ቤተሰቦች ነና። አባባ፣ መርዕድ ግዴለሽ አልነበረም። የሰው ቃል ያምን ነበር፣ ጥፋቱ ይህ ብቻ ነው።

ልጅዎ ውብአለም


አርባ ምንጭ፣ መጋቢት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ ውብአለም፣

ሰላምታዬ በተጠለላችሁበት ቤት ይድረሳችሁ። ያስጠለለቻችሁን እህት እግዚአብሔር ይባርካት። የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ለውቢት እንዳልሽው ነግሬአታለሁ፤ ሥራ በዝቶበት ነው ብያታለሁ።

ስለ ማስታወቂያው የማውቀውን ልንገርሽ። ማስታወቂያ ጥሪ ነው። ውል የሚባለው ሁለት ሰዎች ተነጋግረው የተስማሙበት ነገር ነው። በእኛ ሕግ ሻጭ ኃላፊነቴ እዚህ ድረስ ነው ብሎ በግልጽ መዋዋል ይችላል፤ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ ግን ያ ቃል አያድነውም። የእናንተን አገር ሕግ አላውቅም። ቢሆንም የትም አገር ያለ ዳኛ የሚጠይቀው ተመሳሳይ ይመስለኛል። ገዢው ያን ቃል አይቶታል ወይ? ያየው ከመክፈሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሻጩስ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ በአፉ ምን አለ? ይህን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ጠበቃም ፈልጊ፤ ብቻሽን አትጋፈጪያቸው።

ከዚህ በታች ያለውን ደግሞ ለመርዕድ አንብቢለት።

ልጄ መርዕድ፣ የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ቀድሞ ደረሰ። እናትህ ያንተን ድርሻ ለማንም አልሰጥም ብላ እየለቀመች በጨርቅ ትጠቀልላለች። ይበሰብሳል ብላት አልሰማ አለች። ቶሎ ዳንልን።

አባትሽ ገብረ ክርስቶስ


ቶሮንቶ፣ ኤፕሪል 23 ቀን 2023

አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? የላኩለትን አጠገቡ ተቀምጬ አነበብኩለት። የማንጎውን ነገር ደግሜ አነበብኩለት።

አዎ፣ ከመክፈሉ በፊት አይቶታል። መርዕድን ያውቁት የለም? የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ሳይቀር የሚያነብ ሰው ነው። ቁጥሩን ከሰሌዳው ሲቆርጥም አጠገቡ ነበርኩ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በርናባስ መኪና ማቆሚያው ላይ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ባትሪውን አሳየን። ብርድ ስለነበር ማያ ቀድማ መኪና ውስጥ ገብታለች። መርዕድ ባትሪውን እያገላበጠ ሳለ ጠየቀው።

«ከሥሩ ተጠያቂ አይደለሁም ያልከው ምንድን ነው? ያስፈራል እኮ።»

በርናባስ እጁን ትከሻው ላይ አደረገና፣ «እሱ ለማያውቁኝ ነው» አለው። «አንተ ወንድሜ ነህ። ልጅህ አጠገብ አድርገኸው ብትተኛ ምንም አይሆንም።»

ይህን የሰማነው ሦስታችን ብቻ ነን። በርናባስ አሁን ስለዚያ ንግግር አንድም ቃል አያነሣም፤ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያነሣው።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በርናባስን ልከስ መሆኑን ሰምተው ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ኢዮብ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ወንድም ወንድሙን በአሕዛብ ዳኛ ፊት ማቆም የለበትም፣ በፍቅር እንጨርሰው አሉኝ። በርናባስ ኢንሹራንስ እንደሌለው፣ አራት ልጆች እንዳሉትም ነገሩኝ። የመርዕድን ስም ከሕንፃው ባለቤት ደብዳቤ ላይ በፍቅር የሚያነሣልኝ ካለ ዛሬውኑ እታረቃለሁ አልኳቸው። ጸልየው ሄዱ።

ጠበቃ አግኝቻለሁ፤ ሀኒ ትባላለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ቢሆንም ልቧ ሙሉ ነው። ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። መርዕድ ያን ቃል ማንበቡን ብናገር ይጎዳናል? ይህን የምጠይቀው ከእርስዎ በቀር ሰው የለኝም።

ውብአለም


አርባ ምንጭ፣ ግንቦት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ልጄ፣

ማንበቡን አትናገሪ። ካልጠየቁሽ ዝም በይ፤ ቢጠይቁሽም አላስታውስም በይ። ሰሌዳ ላይ ስንት ወረቀት ይለጠፋል፤ ሰው ሁሉን አያነብም። መኪና ማቆሚያው ላይ የተባባሉትን በርናባስ ቢክድሽ ምስክር የለሽም። ያን ጊዜ በእጃቸው የሚቀረው የአንቺው ቃል ነው፤ አንብቧል ያልሽው። ይህን የምልሽ ዕድሜዬን በችሎት የጨረስኩ ሰው ነኝ።

ውቢት ልቧ እያስቸገራት ሐኪም ቤት ተመላልሰናል። ሐኪሙ ድንገተኛ ነገር እንዳትሰማ ብሎ አስጠንቅቆኛል። በየሳምንቱ የጸሎት ቡድኗን ቤት ሰብስባ ለመርዕድ ሥራ ታስጸልያለች።

ስለ እሱ ጤና ከእንግዲህ አልጠይቅሽም። ስትችይ አንቺው ትጽፊልኛለሽ።

አባትሽ


ቶሮንቶ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2023

አባባ፣

ይህን ያህል ጊዜ ዝም በማለቴ ምን እንደሚሉኝ እያሰብኩ ነው የምጽፈው። አልታዘዝኩዎትም። ለሀኒ ሁሉን ነግሬአታለሁ፤ አንብቦታል አልኳት፣ በርናባስ ያለውንም ነገርኳት። ምዬ አላስታውስም ማለት አልችልም። የመርዕድን ስም ላነጻ ብዬ ስለ መርዕድ እንዴት እዋሻለሁ?

ሀኒ ፊቷን ቋጠር አደረገች እንጂ አልተቆጣችኝም። እዚህ አገር ሰው ለቤቱ ዕቃ ሲገዛ ነጋዴው ምንም ብሎ ቢለጥፍ ሕጉ የሰጠውን መብት አይነካበትም አለችኝ። ተስፋ ማድረግ ጀምሬ ነበር። የበርናባስ ጠበቃ ግን ሌላ ነገር አመጣ። መርዕድ ባትሪውን የገዛው ለሥራ ነው፤ ለሥራ የገዛ ሰው ደግሞ በዚያ ሕግ አይጠለልም፣ እንደ ነጋዴ ነው የሚቆጠረው አለ። ሌሊቱን ሙሉ በበረዶ የሰው እራት ሲያመላልስ የነበረ ሰው ነጋዴ ተባለ። ስለዚህ ጉዳዩ ወደዚያ ሰሌዳና ወደዚያ መኪና ማቆሚያ ተመልሷል።

አባባ፣ አሁን የምጽፈውን ተቀምጠው ያንብቡት። እማማ አጠገብ ካሉ ያቁሙት።

ሀኒ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እዚህ አገር ሕግ እናትና አባትም ከእኛ ጋር ከሳሽ መሆን ይችላሉ። ስማቸው እንዲገባ ከፈለጉ ይፈርሙ አለች። ልጅ የሞተባቸው እናትና አባት ማለቷ ነው።

መርዕድ አርፏል። እሳቱ በተነሣ በማግስቱ ነው ያረፈው። ማያን አስወጥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ሳይጠብቅ ወደ ባትሪው ተመለሰ። ብርድ ልብስ ጠቅልሎበት ወደ ባልኮኒው ሲጎትት ነው ያገኙት። ባያወጣው ኖሮ እሳቱ ወደ ጎረቤቶቹ ይዘልቅ እንደነበር የነገረኝ አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ አነበብኩለት ያልኩዎት ውሸት አይደለም። መቃብሩ አጠገብ ነው ያነበብኩለት። አፈሩ ላይ ገና ሣር አልበቀለም ነበር።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። ሽማግሌ ልኬ፣ በማለዳ በሩን አስንኳኩቼ፣ ደግፎ የሚይዝዎ ሰው ባለበት ነበር መነገር የነበረበት። የእማማን ልብ ፈራሁ። ከዚያ ቀኑ እየገፋ ሄደ፤ በገፋ ቁጥር መናገሩ ባሰብኝ። ይቅር ሊሉኝ ባይችሉም እቀበላለሁ።

ልጅዎ ውብአለም


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ውብአለም፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ማያንም ያጽናት። ይህን ልልሽ ይህን ያህል ጊዜ ጠበቅሁ።

አውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ደብዳቤሽ አውቄአለሁ። «የሰው ቃል ያምን ነበር» ብለሽ ጻፍሽልኝ። በሕይወት ስላለ ባሏ ሴት እንዲህ አትጽፍም። ስንት የምስክር ቃል ሳነብ የኖርኩ ሰው ይህ አያመልጠኝም። ለእሱ አንብቢለት ብዬ የጻፍኩት መልሱን ለማየት ነበር። አንቺም አነበብኩለት አልሽኝ እንጂ እንዲህ አለ አላልሽኝም።

በየማለዳው ወደ ጫሞ ሐይቅ በሚወርደው መንገድ እሄዳለሁ። ውቢት ለእግሬ ስል የምንቀሳቀስ ይመስላታል። እዚያ ሰው አያየኝም። አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ቁርስ ላይ እደርሳለሁ።

አትናገሪ ብዬ የጻፍኩልሽን ወረቀት ቅደጂው። ያን የጻፈው ልጁ የሞተበት ሰው ነው። አንድ ባለጉዳይ እንዲህ ብሎ ምስክር ቢያስጠና ኖሮ ከችሎት ወደ ወኅኒ እሰደው ነበር። ያልሰማሽኝ ደግ አደረግሽ። የተጻፈ ቃልና የተነገረ ቃል ሲጋጩ ዳኛው የሚያመዛዝነው ሁለቱም ሲቀርቡለት ነው። አንዱን ብትደብቂ ሌላው አይታመንልሽም።

ስሜን አስገቡ፤ የምትልኩትን እፈርማለሁ። የውቢት ስም ግን ይቆይ። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጬ ይህን መሸከም እንዴት እንዳለ አትጠይቂኝ። ትናንት ለገና ሹራብ ልላክለት፣ አገሩ ብርድ ነው አለችኝ። መጠኑን ታውቂያለሽ ወይ አልኳት።

አባትሽ ገብረ ክርስቶስ


ቶሮንቶ፣ ሜይ 25 ቀን 2025

አባባ፣

ሰላምዎ ይብዛ። የፈረሙት ከደረሰን ብዙ ቆየ፤ ፍርድ ቤት እዚህም ያዘግማል። ፍርዱ ምን ደረሰ ብለው ሦስቴ ጠይቀውኛል። ከፍርዱ በፊት የሆነውን ልንገርዎት።

ፍርድ ቤት ቀርቤ ምዬ የመሰከርኩ ቀን ማያ አብራኝ ነበረች። አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የበርናባስ ጠበቃ ብዙ አልዞረም። ባልሽ ማስጠንቀቂያውን አንብቦታል ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። ከመክፈሉ በፊት? አዎ። ሀኒ ወረቀቷን ስታይ አየኋት። ጠበቃው ፈገግ አለና ጨረስኩ አለ።

ቀጥሎ በርናባስ ነበር። ቀድሞ ያየው ሰው አያውቀውም፣ አባባ፣ ኮቱ ሰፍቶታል። ሀኒ መኪና ማቆሚያው ላይ መርዕድ ጠይቆህ ነበር ወይ አለችው። አስተርጓሚው ተርጉሞ ጨረሰ። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ይክዳል ብዬ ጠረጴዛውን እያየሁ ነበር። ማንም አልሰማውም። ከእኔ በቀር የሰማው የለም፤ እኔ ደግሞ ከሳሽ ነኝ።

«ጠይቆኛል» አለ። «እሱ ለማያውቁኝ ነው አልኩት። እሷ ያለችው እውነት ነው። ልጅህ አጠገብ አድርገኸው ብትተኛ ምንም አይሆንም ብዬዋለሁ።»

ጠበቃው ሊያቋርጠው ሞከረ። በርናባስ ግን አላቆመም። ተጠያቂ አይደለሁም የሚለውን ቃል ከሌላ ሱቅ ማስታወቂያ ላይ እንደገለበጠው፣ ምን ማለት እንደሆነ አስቦበት እንደማያውቅ ተናገረ። ባትሪው ውስጥ ኃይል የሚይዙት ትንንሾቹ ሴሎች ዕድሜያቸው የተለያየ፣ ከተለያየ ባትሪ የተለቀሙ መሆናቸውን ታውቅ ነበር ወይ ተባለ። «አውቅ ነበር» አለ። «ሌሎቹ አልፈነዱም። ይህም አይፈነዳም ብዬ ነው።»

ዳኛዋ ባለፈው ሳምንት ወሰነች። ሀኒ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። መርዕድ ለሥራ የገዛ ቢባል እንኳ፣ ወረቀቱን አንብቦት እንኳ፣ ሻጩ ራሱ ፊት ለፊት ይህ አንተን አይመለከትም ካለው በኋላ ያ ቃል ሊያስረው አይችልም ብላለች። ጥፋቱ የመርዕድ አይደለም። የሕንፃው ባለቤትም ጥፋቱ የመርዕድ ነው ያለውን ተወ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ማያ ውሳኔውን በእንግሊዝኛ አንብባ ጨረሰችና፣ እና አሁን ምን ይሆናል አለችኝ። ከበርናባስ የሚገኝ ነገር የለም፤ ጋራዡን ዘግቷል፣ ቤተ ክርስቲያንም አይመጣም። ልጆቹን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ ይላሉ፤ ወዴት እንደሆነ በርግጥ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው ኢዮብ አሁን ሲያገኙኝ ሰላምታቸው አጭር ነው። በእሳቸው ዓይን ወንድምን አፍርሳ የባሏን ስም ያደሰች እኔ ነኝ።

አባባ፣ እማማስ? እስከ መቼ?

ውብአለም


አርባ ምንጭ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ውብአለም፣

ለውቢት ተነግሯታል።

ውሳኔው ከደረሰኝ በኋላ ከእንግዲህ የምጠብቅበት ምክንያት አጣሁ። ሐኪሙን አማከርኩ፤ መድኃኒቷን እንድትወስድ አድርጌ ፓስተሩንና ጎረቤቶችን በማለዳ ጠራሁ። በሩ ሲንኳኳ እሷ ጸሎት ላይ ነበረች። ሰዎቹን ስታይ ገባት። የትኛው ነው አለች፤ ከልጆቿ የትኛው ማለቷ ነው። ፓስተሩን ሳልጠብቅ እኔ ነገርኳት።

የለቅሶው ነገር ይቅር። ልቧ ግን ችሏል፤ ተርፋለች።

ሲሰክን እኔ ሞኙ ስለ ፍርዱ ልነግራት ጀመርኩ። ዳኛዋ ጥፋቱ የልጅሽ አይደለም ብላለች፣ ጽሑፉም አያስረውም ተብሏል አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ልጄ ጥፋተኛ ነው ብሎ የነገረኝ ማን ነበር አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችው አንድ ነገር ነው። «በሕይወት ለሌለ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራውን ባርክለት እያልኩ አስጸለያችሁኝ። እግዚአብሔር ፊት አሳፈራችሁኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትተኛው በሌላ ክፍል ነው። ስጠራት ትመጣለች፣ የምበላውን ታቀርባለች፤ ፊቴን ግን አታይም።

ትናንት ወደ ደጅ ስወጣ ከኋላዬ ጠራችኝ። ማን ተሸከመው? ማን አለቀሰለት? አለችኝ። እኔ ከአንቺ ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ሻጩ፣ ስለ ሕጉ ስጠይቅ ይህን ሁሉ ጊዜ ኖሬ ይህን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁሽም። አላውቅም አልኳት። ለእሷ ጻፊላት። እኔ አላነበውም፤ ጎረቤት ታነብላታለች።

ገብረ ክርስቶስ


ቶሮንቶ፣ ኦገስት 3 ቀን 2025

ለእናቴ ለእማማ ውቢት፣

ሰላም ልበልዎ ወይስ አልበልዎ? እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ያስጸለይኩዎት እኔ ነኝ፤ አባባም የደበቁዎት በእኔ ምክንያት ነው። ይቅርታ ብዬ ብጽፍልዎ ቃሉ ያንሳል። የጠየቁኝን ብቻ ልመልስልዎ።

መርዕድን ስናሳርፈው ጥር ነበር፤ መሬቱ በብርድ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር። ብቻውን አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው በሙሉ መጣ። አብረውት ምግብ የሚያደርሱት ልጆች ብስክሌታቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ገቡ፤ አማርኛ አይችሉም፣ ግን እስከ መጨረሻው ቆሙ። ሕንፃው ውስጥ ከእኛ በላይ የሚኖሩ አንድ ሶርያዊ ሽማግሌም መጥተው ነበር። እኔን እጄን ይዘው አለቀሱ፤ ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው በዚያን ቀን ቤት ውስጥ ነበሩ። ማያ አላለቀሰችም። ከሣጥኑ ጎን ቆማ ጓንቷን አውልቃ እንጨቱን ነካችው፤ እጇ እስኪደነዝዝ ድረስ አላነሣችም። ያለቀሰችው ከብዙ ወር በኋላ ነው፤ አሁንም ታለቅሳለች።

ሣጥኑን ስድስት ወንዶች ተሸከሙት። ከፊት በቀኝ በኩል የነበረው በርናባስ ነው። ባትሪውን የሸጠለት ያው በርናባስ። ያን ቀን ከእኔና ከእሱ በቀር ባትሪው ከየት እንደተገዛ የሚያውቅ አልነበረም። ሣጥኑ ወርዶ አፈር ሲመለስበት መሬት ላይ ተደፋ። ሽማግሌዎቹ በሁለት ክንዱ ይዘው ነው ያነሡት። እንደዚያ ያለቀሰ ሰው አልነበረም፤ እኔም እንደዚያ አላለቀስኩም። ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለ ነበር። እኔ ሄጄ ትከሻውን ያዝኩት፤ አብረን አለቀስን።

እማማ፣ ልጅዎ ሳይለቀስለት አልተቀበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንመላለስ፣ በመሐላ ሲጠይቁኝ፣ ይህን የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ልጅዎ ውብአለም